ርብራብ የጣለው ሰው

ኦቦ ቦጂያ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጅምር ፎቅ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ርብራቡን በሚስማር የሚመቱትን ሠራተኞች ይሰድባሉ። ሠላሳ ዓመት የባሕር ዛፍ ርብራብ እያሰሩ ግንበኛ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ግን ሌላ ሰው ያሰረው ርብራብ ጣላቸው፤ ቅልጥማቸው ላይ የቀረው ቁስል ዐቢይ ጾም ገብቶም አልደርቅ አለ። ሐኪሙ አዲስ የቁስል ልባስ ወደሚሞከርበት ሆስፒታል ወረቀት ጻፈላቸው፤ ይህ ካልሆነ የሚቀረው እግራቸውን መቁረጥ ነው። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ እንደታጠፈ ሰነበተ።

የጎረቤታቸው ልጅ ሃዊ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራው፣ ከባጃጅ ስትወርድ አየቻቸውና ተጠጋች።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ቦጂያ? ሆስፒታል አልሄዱም እንዴ?»

«ፈያ፣ ኢንተላ ኮ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ሐኪሙ ቁስልህ ላይ የሚደረገው ርብራብ ነው አለኝ። ርብራብ የጣለው ሰው እግሩ ላይ ርብራብ ይተክላል?»

«እውነቱን ነው። ከበሬ ቆዳ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ተጣርቶ የሚሠራ ስስ ርብራብ ነው። የሰውነትዎ ሕዋሳት እንደ ግንበኛ እየወጡበት አዲስ ቆዳ ይሠራሉ።»

«የበሬ ቆዳ? በጾም?»

«ቀበቶዎ የምንድን ነው?»

ኦቦ ቦጂያ ሌባ እንደ ነካቸው ወገባቸውን ዳበሱ። «ቀበቶ አይበላም።»

«ይኼም አይበላም።»

አፋቸው ተረታ፤ ልባቸው ግን ገና ነው። የወደቁበት ቀን ትዝ አላቸው።

«እንጨቱ ደህና ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ዝናብ ያበሰበሰው ማሰሪያ ገመዱን ነው።»

«የኮላጅኑም ችግር እሱው ነበር። ቁስል እርጥብ ነው፤ ግንበኞቹ ሳይጨርሱ ይሟሟል። በኬሚካል ሲያጠነክሩት ደግሞ የኬሚካሉ ትራፊ ሕዋሱን ይጎዳል።»

«በሚስማር እንደ መምታት! ይይዛል፣ ግን ይሰነጥቃል።»

«አዎ። ኢንዛይም ግን እንጨት እንደሚታሰርበት የዛፍ ልጥ ክሩን ከክሩ ያስተሳስረዋል። ሥራው እስኪያልቅ ይይዛል፤ ከዚያ ሰውነት ራሱ ይፈታዋል።»

«ካልያዘስ?»

«ላይይዝ ይችላል። ገና ሙከራ ነው። ሐኪሞቹም ይህንኑ ነግረው ነው የሚያስፈርሙዎት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ይሸሽ ነበር። ኦቦ ቦጂያ ግን «በፍጹም አይወድቅም» ብሎ የማለ ሰው ያሰረውን ርብራብ አንድ ቀን ብቻ ነበር የረገጡት፤ ያን ቀን ወደቁ። ብልህ ሰው አዲስ ነገር ሲመጣለት የሚጠይቀው ማሰሪያውን ነው።

«ሲጨርስስ የት ይሄዳል?»

«ይጠፋል። ቆዳው የራስዎ ይሆናል።»

ሽማግሌው ፎቁን ቀና ብለው አዩ። ስንት ቤት ሲመረቅ፣ ርብራቡን ያሰረ ተብለው ተጠርተው አያውቁም።

«ደህና ርብራብ እንዲያ ነው» አሉ፤ ወረቀቱንም አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «እግሬ ከዳነ እነዚህን ልጆች አስተሳሰር አስተምራለሁ። ካልዳነም ማሰሪያው የት እንደ ላላ ሐኪሞቹ ያያሉ፤ ከእኔ ቀጥሎ አልጋው ላይ የሚተኛው ሰው አይወድቅም።»

ሃዊ ባጃጅ አስቁማ ደግፋ ወሰደቻቸው። አንድ እግራቸውን አስገብተው ወደ ፎቁ ዞሩ።

«አንተ! ስመለስ ሚስማር እንዳላይ! በልጥ እሰረው!»