የእንደራሴው ካቦርት

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ ስሄድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በንጉሡ ዘመን እንደራሴ ሆነው ፓርላማ ስለገቡት አባቴ፣ የእሳቸው ልጅ መሆኔን ሳያውቁ፣ ያወሩ ጀመር።

«የድሃ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ለምርጫው ድግስ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም በሬ ለየብቻ ያሳረድነው እኛ ነን።»

«ካቦርቱንስ? አዲስ አበባ እንዳይናቁብን ብለን አዋጥተን አልገዛንላቸውም?»

«ሲያምርባቸው!»

«ኋላ በረሃቡ ጊዜ ለብሰውት ተኙ እንጂ ምን ፈየዱልን?»

«እንዲህስ አይበሉ፣ ወንድሜ። በዚያ ክፉ ቀን አባቴ መንገድ ላይ ሲሞቱብኝ መገነዣ አጣሁ። እሳቸው ደርሰው ካቦርቱን አውልቀው ሰጡኝ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ! በሱው ጠቅልዬ ቀበርኳቸው።»

እኔ ግን፣ «ያን ካቦርት ለየትኛዋ ሴት ሰጡት?» እያለች እስክትሞት ያኮረፈቻቸው እናቴ ትዝ አለችኝ።