የሰብለ ሹራብ

(አዳማ፣ ሙቀቱ የበረታበት የቅዳሜ ከሰዓት። የወይንሸት ሕፃን ልጅ ነገ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና እናት እንድትሆን የታጨችው የወይንሸት ታናሽ እህት ሰብለ ሹራብ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።)

ወይንሸት፦ ነገ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ዛሬ ነው «ሌላ ሰው ፈልጊ» የምትዪኝ?

ሰብለ፦ ጎረቤትሽ አለች አይደል? እሷ ታንሣት።

ወይንሸት፦ እህት አለኝ ብዬ ለቄሱ ያንቺን ስም ሰጥቻለሁ። ምን ሆነሻል?

ሰብለ፦ ያሰፋሽልኝ ቀሚስ... እጅጌው አጭር ነው።

ወይንሸት፦ በዚህ ሙቀት ካፖርት ላሰፋልሽ ኖሯል?

ሰብለ፦ አትቀልጂ፣ እትዬ።

ወይንሸት፦ አዳማ ላይ ሹራብ ለብሰሽ የምትቀልጂውስ አንቺ! አውልቂው እስቲ፣ ላብሽ ጠብ ጠብ እያለ ነው።

ሰብለ፦ ተይኝ አልኩሽ! ክንዴን ታውቂው የለም እንዴ?

ወይንሸት፦ ያ ችፍ ችፍ ያለው ነገር? እስካሁን አለ?

ሰብለ፦ የት ይሄዳል? በጨውና በሎሚ ፈተግኩት፣ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ሞረድኩት። ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ወይንሸት፦ ክንድ ነው ወይስ ያረረ ድስት?

ሰብለ፦ ሳቂ። ልጅቷ ከጥምቀቱ ውሃ ራቁቷን ወጥታ እዚህ ክንዴ ላይ ነው የምትተኛው። ገላዋ እንደኔ ቢሆን ማን ይጠየቃል?

ወይንሸት፦ ለዚህ ነው አንድ ቀን እንኳ ያላቀፍሻት? እኔ እኮ ልጄን ጠላችብኝ ብዬ ቂም ይዤብሽ ነበር።

ሰብለ፦ እንዴት እጠላታለሁ! አንቺ ስትተኚ እየመጣሁ በብርድ ልብሷ ላይ እዳብሳታለሁ።

ወይንሸት፦ ማነው ይጋባል ያለሽ?

ሰብለ፦ ተይው።

ወይንሸት፦ ስሙን ንገሪኝ፣ ሄጄ ልኩን ነው የማሳየው!

ሰብለ፦ አንቺ ነሽ።

ወይንሸት፦ ምን?

ሰብለ፦ አራተኛ ክፍል ሆኜ። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። «አትንኪኝ፣ ይጋባል» ብለሽ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ተኛሽ። ከዚያ ወዲህ ክንዴን ሰው ነክቶት አያውቅም።

ወይንሸት፦ አፌን በቆረጠው! ረስቼዋለሁ እንዳልልሽ፣ አልረሳሁትም።

ሰብለ፦ ያው እውነት ነበር ማለት ነው።

ወይንሸት፦ አልነበረም። ያኔ እኔም ታፋዬ ላይ ወጥቶ አየሁት፤ ካንቺ የመጣብኝ መሰለኝ። ባሌ እንኳን በወጉ አይቶት አያውቅም። ይኸው፣ እዪው።

ሰብለ፦ አንቺም? እንግዲያው ከኔ ነዋ የተጋባብሽ!

ወይንሸት፦ ከአባባ ነው እንጂ! ክንዱን «ሞረድ» እያልን አልነበረም የምንስቅበት? ልጅቷን ላስከትብ ስሄድ ነርሷን ጠየቅኳት። በዘር የሚመጣ ነው፣ አይጋባም፣ ጉዳትም የለውም አለችኝ። ቆዳው የፀጉሩን መውጫ እየደፈነ ነው አሉ። አትፈትጉት፣ በጣም በሞቀ ውሃ አትታጠቡ፣ ከታጠባችሁ በኋላ ገላችሁ እርጥብ እንዳለ ቅባት ቀቡት አለች። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ይለሰልሳል።

ሰብለ፦ መቼ ነው እንዲህ ያለችሽ?

ወይንሸት፦ ወር ሆነው።

ሰብለ፦ ወር ሙሉ ዝም አልሽኝ?

ወይንሸት፦ ልነግርሽ ስል ያ ፍራሽ ድቅን ይልብኛል። አፈርኩ፣ ሰብልዬ። ይቅር በዪኝ። አሁንም ሌላ ፈልጊ ካልሽኝ እፈልጋለሁ፣ አልቀየምሽም።

ሰብለ፦ እና አድጋ እሷም ላይ ቢወጣባትስ?

ወይንሸት፦ እሱን ነው የምፈራው። የኔ አፍ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ባንቺ አየሁት።

ሰብለ፦ እንግዲያው ይሄን ሹራብ ያዢልኝና ልጄን ስጪኝ።