ባለ አንድ ዓይኑ ኖዝል

እኛ መሪ በያዝንበት ዘመን፣ መምህር፣ ኖዝል መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ጻፍ፣ እንዳለ ጻፈው። ኖዝል ማለት ያቺ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የምትረጨው እቃ ናት፤ ስትደክም ታወጣታለህ፣ ቁጥሯን ታነባለህ፣ ያው ቁጥር ተገዝቶ ይገባል፣ አለቀ። ታዲያ የኔዋ ቡላ መኪና እንደዚያ አይደለችም። የኔዋ ሞዲፋይ የተደረገች ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ፣ ያ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው፣ አልነበራትም፣ እኔ ነኝ ከሌላ መኪና የወለቀ ቱርቦ ያስገጠምኩላት፣ እና ፓምፑንም ናፍጣ እንዲጨምር አስከፈትኩት። ለምን በለኝ። ለዳቡስ ዳገት። ዳቡስን ተሻግረህ ወደ መንዲ ስትወጣ ያለውን ዳገት አይተኸዋል አይደል? አላየኸውም፣ አውቶብስ ላይ ተኝተህ ነው ያለፍከው። እኛ ማንጎ ጭነን ነው የምንወጣው።

እና አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር መከረኝ። «ጋሼ፣ ቱርቦ ካላት ትልቁን ኖዝል ያስገቡላት፣ ትበራለች» አለኝ። አስገባሁ። በረረች፣ እውነቴን ነው፣ በረረች። በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ ፒስተኗ ቀለጠ። ቀለጠ ስልህ እንደ ሻማ። ተጎትታ አሶሳ ገባች፤ ፒስተኑም ተቀየረ፣ ኖዝሉም ወደ ድሮው ቁጥር ተመለሰ።

ያን ጊዜ ዘይነብ፣ ይቺው ባለቤቴ፣ እየሰማች ነው፣ ምን አለች መሰለህ። «ስማ ይመር፣ ይቺ መኪና ሁለተኛ ፒስተን ካቀለጠች ለቆራሌው ነው የምሰጣት፣ ተመዝና ትሄዳለች። እሺ በል።» ሁለት የአምባችን፣ የሰፈራ መንደራችን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ እነሱ ፊት እሺ አልኩ። ዘይነብ ደግሞ ካለች አለች ነው፣ አታውቃትም እንዴ?

ታዲያ እኔ ለዚያች መኪና የምሆነውን ልንገርህ። በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ በጭነት መኪና ተጭነን ነው የመጣነው፤ ልጅ ነኝ፣ የት እንደሚወስዱን አናውቅም፣ ከኋላ ሆኜ የሾፌሩን ማጅራት ብቻ ነው የማየው። ያኔ በሆዴ ምን አልኩ፣ አንድ ቀን መሪውን እኔ እይዘዋለሁ አልኩ። ያዝኩት። እና እሷን ቆራሌው ሲጭናት ቆሜ አላይም፣ አልችልም።

ታዲያ ዘንድሮ ማንጎው መብሰል ሲጀምር ኖዝሎቿ ደከሙ። ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፣ ሞተሩም ኳ ኳ ኳ ይላል። ይዣት ኡስታ ባበክር ጋ ሄድኩ። ኡስታ እዚህ የሚሉት ባለሙያውን ነው። የበርታ ብሔር ሰው ነው፣ ሥራውን ሱዳን ደማዚን ነው የለመደው፣ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፣ እጁ ግን አይሳሳትም። እኔን «ያ ሐጅ» ነው የሚለኝ፣ ሐጂ ሆይ ማለቱ ነው። ሐጅ አልሄድኩም፣ ብነግረው ብነግረው አልተወም።

ስድስቱንም ኖዝል ፈታ፣ እና በእጅ የምትጫን መሞከሪያ አለችው፣ አንድ በአንድ እያሰረ ካርቶን ላይ ረጨ። ጥሩ ኖዝል ጭርርር ብሎ እንደ ጉም ይበተናል። የደከመው ይሸናል። ይቅርታ መምህር፣ ጋራዥ ውስጥ ግን የሚባለው ይሸናል ነው፣ አትለውጠው። ከስድስቱ አራቱ ሸኑ።

«ያ ሐጅ፣ መኪና ምን ይጭናል?» አለኝ።

«ማንጎ።»

«የት ትሄዳለች?»

«ነቀምት።»

«ዳገት ላይ ብዙ ይቆያል?»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ኖዝል ምረጥልኝ አልኩህ እንጂ ታሪኬን ጠይቀኝ አልኩህ?»

«ሥራውን ሳላውቅ ኖዝል አላውቅም» አለ።

እኔ ደግሞ ያ መብረር ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፣ አልዋሽህም። «እንግዲህ ትልቅ ይሁን፣ ግን በጣም ትልቅ ያልሆነ ትልቅ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ያ ሐጅ፣ ማንጎ ሮጠ ምን ይሆናል? ጭማቂ ይሆናል። ስማ፣ ያንተ ቱርቦ ትንሽ ነው፣ አየር ትንሽ ነው። ናፍጣ ብዙ መጣ፣ አየር የለም፣ ናፍጣ የት ትቃጠላለች? ፒስተን ላይ ተቀምጦ ትቃጠላለች። ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም፣ መኪናው ያልበላችው ነው።» እና ከድሮው ቁጥር አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለውን በወረቀት ጻፈልኝ። «ይሄን እዘዝ። ሌላ ቢሰጡህ እንዳትቀበሊ» ብሎኝ ሌላ መኪና ሥር ገባ።

አሁን ጉዱን ስማ። እዚያው ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ጋ ደወልኩ። ቁጥሩን አነበብኩለት። «አባባ፣ በዚህ ቁጥር የሁለት ፋብሪካ ሥራ አለኝ፣ ቀላቅዬ ልላክ ወይስ እንዴት ይሁን?» አለኝ። የጋራዡ ጎረቤት ብየዳ ቤት ነው፣ እየጮኸ ነው። ጎንበስ ብዬ «ኡስታ፣ እንዴት ይሁን ይላል!» አልኩት። ከመኪናው ሥር «ስድስቱም አንድ ዓይን!» አለኝ። እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ኡስታ ደግሞ የኖዝሉን ቀዳዳ ቀዳዳ አይለውም፣ ዓይን ነው የሚለው፣ የረጨበትን ካርቶን እያሳየ ይሄ ዓይን ተደፈነ፣ ያ ዓይን ሰፋ ሲለኝ ነው የቆየው። ታዲያ እኔ ምን ልጠርጥር? «ባለ አንድ ቀዳዳ ይሁን» አልኩት ልጁን።

«አባባ፣ ይሄ ቁጥር እኮ ባለ አምስት ነው።»

«ባለ አንድ አልኩህ።»

«ለዚህ ሞተር ባለ አንድ የለውም አባባ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ከባለሙያ አፍ ነው የሰማሁት፣ መኪና ላይ ነው ያረጀሁት፣ ባለ አንድ!»

«እሺ አባባ» አለና ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን በአውቶብስ መጣ። ዘይነብም አብራኝ መናኸሪያ ወረደች፣ እቃውን በዓይኔ አያለሁ ብላ። እዚያው ከፈትኩት፣ መነጽሬን አደረግሁ፣ አንዷን ወደ ፀሐይ ይዤ ጫፏን ቆጠርኩ። አምስት። ሌላዋን ቆጠርኩ። አምስት። ስድስቱም አምስት አምስት። አንድ ዓይን ብዬ አምስት ዓይን! አምስት እጥፍ ናፍጣ ሊያፈስባት ነው፣ ፒስተኗ ዳቡስም አይደርስም። ልጁ ጋ ብደውል ስልኩ አይነሳም። እቃውን መልሼ አሸግኩና ለአውቶብሱ ረዳት «መልስልኝ፣ ይሄ አጭበርባሪ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘይነብ እጄን ያዘችኝ።

«ኡስታ ሳያየው አይመለስም።»

«ምን ያይለታል፣ ቆጥሬዋለሁ።»

«አንተ ስለቆጠርከው ነው እኮ ኡስታ የሚያየው» አለችኝ። በሰው ፊት።

ሄድን። ኡስታ አንዷን አነሳ፣ አገላበጠ፣ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ጥሩ? አምስት ዓይን ነው እኮ።»

«አዎ፣ አምስት።»

«አንድ ዓይን በል ብለኸኝ የለም?»

«እኔ? አንድ ዓይን? ያ ሐጅ፣ ዓይነት! አንድ ዓይነት! ስድስት ወንድም ይሁን፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሥራ። አንዱ ብዙ ይረጫል፣ አንዱ ትንሽ ትረጫለች፣ እንዲህ አይሆንም።» እና ከጣሳው ውስጥ ካወጣቸው ከድሮዎቹ አንዱን ጠረገና ሰጠኝ። «ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። አምስት። ይሄን ሁሉ ዘመን አምስት ዓይን ይዤ ነው የምዞረው፣ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

ዘይነብ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ብየዳ ቤት ያሉት ሳይቀሩ ሥራ አቁመው መጡ። አዎ፣ ሳቂ፣ አሁንም ሳቂ። እኔ ግን አልተናደድኩም። ያ አውቶብስ እቃዬን ይዞ ቢመለስ፣ ወይ ልጁ እንዳልኩት የሌላ ሞተር ባለ አንዱን ቢልክና እኔም እንደ ልማዴ ሌላ ጋራዥ ወስጄ በግድ ግጠሙ ብል፣ መኪናዬ አልቆላታል እያልኩ አስባለሁ።

ታዲያ ኡስታ አዲሶቹንም ቢሆን ዝም ብሎ አልገጠመም። ስድስቱንም ካርቶን ላይ ረጫቸው፣ አንዷ ትንሽ ቀድማ ስትከፍት ውስጧ ስስ ቀለበት ጨመረና እንደ እህቶቿ አደረጋት። ከዚያ ነው የገባው። ፓምፑንም ትንሽ መለሰው። ቅር ቢለኝም ቁልፉን አቀበልኩት።

እና ማንጎ ጫንን፣ ዘይነብም ጋቢና ገባች። ዳቡስን ተሻገርን፣ ዳገቱ ጀመረ። እሷ ዓይኗ በመስታወቱ ጭሱ ላይ፣ የኔ ጆሮ ሞተሩ ላይ። አልበረረችም፣ መምህር። ቀስ ብላ፣ እያጉረመረመች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስል፣ ጥቁር ሳታወጣ ወጣች። ጫፍ ላይ አቆምኩና ወርጄ ኮፈኗን በመዳፌ ነካሁ። አልተቃጠለችም። እፎይ አልኩ፣ ከሆዴ እፎይ አልኩ፣ እንባም መጣብኝ፣ ይሄንንም ጻፈው። ዘይነብ በመስኮት ብቅ ብላ «በል ንዳ፣ ቆራሌው ሌላ ይፈልግ» አለችኝ። ከእሷ ይሄ ብዙ ነው።

— ጋሽ ይመር፣ ግን ያ ነጋዴ አንድ እያሉት ለምን አምስት ላከ?

እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅኩት። ነቀምት ስንደርስ ደወልኩለት፣ ይቅርታ ልለው። «አንተ ልጅ፣ እንዴት አወቅህ?» አልኩት። «አባባ፣ የኔም አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ» አለኝ። «ታዲያ?» ስለው ምን አለኝ መሰለህ፣ «የሳቸውም ጆሮ እንደርስዎ ነው።»

አዎ፣ ሁለታችሁም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ስናዝዝ የምትደውለው ዘይነብ ናት።