ከሰልፍ የሚቀድም ቤት

(ወንዝ ዳር ባለ የከተማ ሰፈር፣ የሴቶች ማኅበር ባቆመው የውሃ ቦኖ። ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ ዛሬ መጥቶ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተሰልፈዋል። የቦኖው ኃላፊ ዘርፌና ጎረቤቷ አስካለ ከሰልፉ ራቅ ብለው፣ አስካለ ቤት መስኮት ሥር፣ ይከራከራሉ።)

አስካለ፦ ሁለት ጀሪካን ብቻ፣ እትዬ ዘርፌ። ለቅሶ ቤት ከሰልፍ ይቀድማል ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

ዘርፌ፦ ብለናል። ለቅሶ ቤትና አራስ ቤት ይቀድማሉ። ማን ሞተብሽ?

አስካለ፦ አክስቴ። አገር ቤት።

ዘርፌ፦ ነፍስ ይማር። መርዶው መቼ ደረሰሽ?

አስካለ፦ ሌሊት።

ዘርፌ፦ የእኔና የአንቺ ቤት አንድ ግድግዳ ነው ያለው። ሌሊት የሰማሁት ሰው ሲያቃስት እንጂ ሲያለቅስ አይደለም።

አስካለ፦ ድምፄን አፍኜ ነዋ። ሰው እንዳልረብሽ ብዬ።

ዘርፌ፦ በዚህ ሰፈር ድምፁን አፍኖ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። እድሩስ ለምን አልሰማ?

አስካለ፦ ኧረ እትዬ፣ ጥያቄውን ተይውና ቅጂልኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?

ዘርፌ፦ አትውደቂ። እነዚህ ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ዛሬ ላንቺ ብቀዳ ነገ ሁሉም ተነስቶ አክስቱን ይገድላል።

አስካለ፦ እሺ አንድ ጀሪካን። የማሞቀው እንኳ የለኝም።

ዘርፌ፦ ለቅሶ ቤት ሙቅ ውሃ ምን ያደርጋል?

አስካለ፦ ለቀስተኛው እጁን ይታጠብበታል።

ዘርፌ፦ ቀሚስሽ ጫፍ ላይ ያለው ደም ነው?

አስካለ፦ ዶሮ አርጄ ነው።

ዘርፌ፦ ሴት ልጅ ዶሮ ማረድ የጀመረችው መቼ ነው? ደግሞ በጾም። ልጅሽ ፍሬሰላም የታለች?

አስካለ፦ አሟታል። ጉንፋን።

ዘርፌ፦ ይሄ ጉንፋን ስንት ወሩ ነው? በዚህ ሙቀት ያን ሰፊ ሹራብ ለብሳ ስትወጣ ስትገባ እያየሁ ዝም አልኩ። ወለደች?

አስካለ፦ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል። ጎህ ሲቀድ ተገላገለች።

ዘርፌ፦ ማን አዋለዳት?

አስካለ፦ እኔው።

ዘርፌ፦ እና አራስ አለችኝ ማለት አቅቶሽ ለቅሶ ነው አልሽኝ? በገዛ ልጅሽ ታሟርቻለሽ?

አስካለ፦ ምን ልበል ታዲያ? የማን ነው ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ? ተማሪ ናት እኮ። አባቷ ቢሰማ ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን።

ዘርፌ፦ ሕፃኑስ?

አስካለ፦ እሱ ይጠባል። እሷ ናት እንጂ... ደሙ እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ባደርግም አልቆመም። አሁንማ ስጠራት ቶሎ አትመልስልኝም።

ዘርፌ፦ ወይኔ፤ እና ቆመሽ ውሃ ትለምኚኛለሽ? ቆይ ልደውል። ሃሎ፣ አምቡላንስ? አራስ ናት፣ ደም አልቆመላትም። መንደሩ ውስጥ መኪና አይገባም፣ አስፋልቱ ላይ ጠብቁን። አዎ፣ አሁኑኑ። ነይ፣ የማኅበሩ ቃሬዛ ከቦኖው በር ጀርባ ነው። አራት ሴት ያስፈልገናል።

አስካለ፦ እኔና አንቺ እንሸከማት።

ዘርፌ፦ በዚህ ዳገት? ጭቃው ላይ ይዘናት እንወድቃለን።

አስካለ፦ ሰልፉ እስኪበተን ትንሽ እንጠብቅ እንግዲህ።

ዘርፌ፦ ሰልፉ እስኪመሽ አይበተንም። ልጅቷ ግን አትጠብቅሽም። ልጥራቸው?

አስካለ፦ በማርያም እንዳትጠሪ። ከገጠር የመጣች እኅቴ ናት እንበላቸው። ፊቷን እንሸፍናት።

ዘርፌ፦ ፊቱ ተሸፍኖ በቃሬዛ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን እየመታ ይከተልሻል።

አስካለ፦ ነውሬን አደባባይ ልታወጪው ነው።

ዘርፌ፦ ስለ ነውሩ ነገ አብሬሽ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። አሁን ካልጠራሻቸው እኔ እጠራለሁ። ግን ፍሬሰላም ተኝታ ትሰማለች፤ ከእኔ አፍ ከምትሰማው ከእናቷ አፍ ብትሰማው ይሻላታል።

አስካለ፦ (ወደ ሰልፉ) እናንተ፣ ጀሪካኑን ተዉትና ኑልኝ። ፍሬሰላም ወልዳለች። ልጄን አንሱልኝ።