ሦስተኛው ጨለማ

ከገለምሶ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ የደረሰኝ ቦታ በአንድ ሽማግሌና በልጃቸው መካከል ነበር። ሽማግሌው ሼህ ሳቢት ይባላሉ። ልጃቸው በድሪ የአዋላጅነት ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ከፊታችን እህቱ ዩስራ ተቀምጣለች፤ ስምንተኛ ወሯ ነው። ምንም ሳያማት ሁለት ጊዜ ደም ስለፈሰሳት በአልትራሳውንድ እንድትታይ ተልካለች። አባቷ ግን ሐኪም ዘንድ እንጂ መሣሪያው ዘንድ አላደርስም ብለዋል።

«በማኅፀን ያለውን የሚያውቅ አላህ ነው» አሉኝ፣ ዳኛ ያገኙ ይመስል። «እሱ የሸፈነውን እኛ በቴሌቪዥን ልንገልጥ?»

«አባ፣ እሱ ያውቃል ማለት እናንተ አትዩ ማለት ነው?» አለ በድሪ። «ዝናብ የሚያወርደውም እሱ መሆኑ እዚያው የቁርኣን አያ ላይ አለ። እርስዎ ግን ደመና አይተው ማሽላ ይዘራሉ።»

«ኧረ ተው! ኮሌጅ የላክሁህ ቁርኣን እንድታስቀራኝ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ዩስራ ግን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እኔም የማውቀው ሰምቼ እንጂ ተምሬ አይደለምና እንደ ተማሪ ጠየቅኋቸው፦ «ሼሃችን፣ በእናቶቻችሁ ሆድ በሦስት ጨለማዎች ውስጥ ይፈጥራችኋል የሚለውን የቁርኣን ቃል ዑለማዎቹ እንዴት ይፈቱታል?»

ፊታቸው በራ። «አንዱ ሆድ ነው፤ ሁለተኛው ማኅፀን፤ ሦስተኛው የእንግዴ ልጁ ከነሽፋኑ።»

«እኔም የምፈራው ሦስተኛውን ነው» አለ በድሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእንግዴ ልጁ ወርዶ የማኅፀኑ በር ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ምጥ መጥቶ በሩ ሲከፈት እሱ ይላቀቃል። ደሙ አይቆምም፤ እናትም ልጅም ይሄዳሉ። በእጅ እንዳይፈተሽ መንካቱ ራሱ ያደማል። ያለው ማየት ብቻ ነው።»

ጭሮ ገባን። ከሚኒባሱ ስንወርድ ሼሁ «ራሴ ካላየሁ አልፈርድም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንተም ና፤ ነገሩን የቆሰቆስከው አንተ ነህ።»

እኔ ከምርመራው ክፍል ክፍት በር ውጭ ቆየሁ። ሐኪሟ ዶክተር ውቢት በመጋረጃ ከልላ ዩስራን አስተኛቻት፤ የመሣሪያውን ፊት ወደ ሼሁ አዞረችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፈጣን፣ የማያቋርጥ ምት እስከ እኔ ድረስ መጣ።

«ይህ ሁሉ ጥድፊያ ወዴት ነው?» አሉ ሼሁ።

«የሕፃኗ ልብ ነው፣ አባባ። በደቂቃ መቶ አርባ ጊዜ ትመታለች።»

«ሱብሓነላህ!» አሉ ወደ መሣሪያው ጠጋ ብለው።

«ይህ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ነው። በሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶታል» አለች ሐኪሟ።

ከመጋረጃው ወዲያ ዩስራ «አባ፣ ምጡን ቤቴ ልጠብቅ?» አለች።

«የለም ልጄ። እዚሁ ትቆያለሽ። አላህ ይህን ያሳየን ቤት ሄደን እንድንሞት አይደለም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ምጥ ሳይመጣ፣ ዩስራ በኦፕሬሽን ሴት ልጅ ተገላገለች። ከተሰጣት ደም አንዱ ከረጢት የበድሪ ነበር። ሳትታይ ቤቷ ብታምጥ ኖሮ ገለምሶ ሁለት መቃብር ይቆፈር ነበር፤ አንዲት ምርመራ ግን እናትንም ልጅንም አተረፈች።

ሼህ ሳቢት ዛሬ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አባቶችን ያስቆማሉ፦ «ነፍሰ ጡር ያላችሁ አስመርምሩ፤ ደም ያየች ቀኑን አትጠብቅ።» ባለፈው አንድ ጎረቤታቸው «ታዲያ የአላህን ሚስጥር አዩት?» ብሎ ነገር ቢፈልጋቸው እንዲህ አሉት፦

«ያየሁት በሩን ነው። ያቺን ልብ የመጀመሪያውን ምት ማን እንዳስመታት ግን አላየሁም። ሐኪሟንም ጠየቅኋት፤ እሷም ወደ ላይ አየች።»