ጎንበስ ሲሉ የሚዘጋው በር

ከጉደር ወደ አምቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። እዚያው ነው የተዋወቁት።

«አዲስ አበባ ሆስፒታል ልገባ ነው፣ ኦቦ። ልቤ ውስጥ እጢ በቅሏል፤ ሊያወጡልኝ ነው።»

«የኔም ልብ ነበረው እኮ፣ ልጄ።»

«ብዙ ሰው ላይ አይገኝም ነበር ያሉኝ።»

«ለኔም እንደዚያው ነው ያሉኝ። ይኸው አንድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ተገኘን!»

«እንዴት አወቁት?»

«ስሰግድ እደፋ ነበር። ሰው ሁሉ ጋኔን ነው አለ። ጠበል የሚያጠምቁኝ ቄስ ግን ‹ጎንበስ ስትል ብቻ ነው የሚጥልህ፤ ሐኪምም ይየው› አሉኝ።»

«ሐኪሙስ?»

«በአልትራሳውንድ አየው። እጢው ተንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ስል የልቤን በር ይዘጋዋል አለኝ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ፣ ልብሽን ለጊዜው እናቆመዋለን ብለውኛል።»

«የኔንም አቁመውታል። ማሽን ይተካዋል፤ ሲጨርሱ መልሰው ያስነሱታል።»

«ባይነሳስ?»

«ታዲያ አሁን ማን ነው የሚያወራሽ?»

ሳቀች።

«እጢውንም አሳዩኝ ብዬ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ በነጻ የቀለብኩትን!»

«አሁን ይሰግዳሉ?»

«ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን ነው። ሁዳዴን ሙሉ ሰገድኩ። ጉልበቴ እንጂ ልቤስ አላስቸገረኝም።»

አምቦ ደርሰን ሚኒባሱ ሲቆም ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር ቦርሳዋን ሳቡላት።

ቀና ብለው እስኪያቀብሏት የያዝኩትን ትንፋሽ ለቅቄ በልቤ ተመስገን አልኩ።