የዓባይን ሸለቆ ለማየት የወጣን ዕለት

ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሰው ጓደኛዬ ሔለንና የኮንትራት መኪናችን ሾፌር ጋሼ ይመር። ለሔለን የዓባይን ሸለቆ ለማሳየት በየሰዓቱ የተከፋፈለ መርሐ ግብር አውጥቼ ነበር። ከመካነ ሰላም ወጥተን ወግዲ ሳንደርስ ግን ጋሼ ይመር ከአንድ የለቅሶ ድንኳን አጠገብ መኪናውን አቆሙ።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?» አልኳቸው።

«የት አውቄ!»

«ታዲያ ለምን እንቆማለን? ሔለን ያላት ይህ አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ወላሂ አላልፍም! ሰው ለቅሶ ተቀምጦ እኛ ገደል ልናይ? ውረዱ፣ ለአፍታ ነው።»

አፍታዋ ሦስት ሰዓት ፈጀች። እኔ ንዴቴን ውጬ ሰዓቴን ስመለከት፣ ሔለን የሟችን እናት እጅ ይዛ ታለቅሳለች። ስንወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። በመጨረሻ ሔለን አንድ ቀን ጨምራ እንድትቆይ፣ ጋሼ ይመርም ነገ ከመነሣታችን በፊት በመንገዱ ላይ ለቅሶ መኖር አለመኖሩን ደውለው እንዲያጣሩ ሦስታችንም ተስማማን።